የከሰሉ ባቡርና ያልተጻፈው ሰው

የእንግሊዛዊው ዲ. ኤች. ሎውረንስ አጭር ልብ ወለድ፣ «የክሪሳንተመም ሽታ» (1911)፣ በሰው አይጀምርም። ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሰባት ሙሉ ፉርጎ እየጎተተች በምትመጣ ትንሽ ባቡር ነው የሚጀምረው። ባቡሯ ቁጥር አላት፤ አራት። ድምፅዋ ትልቅ ነው፣ ፍጥነቷ ግን እዚህ ግባ አይባልም፤ በጩኸቷ የደነገጠ ውርንጭላ በሶምሶማ ብቻ ጥሏት ይሄዳል። ሐዲዱን ይዛ የምትጓዝ አንዲት ሴት ዘንቢሏን ወደ ጎን አድርጋ፣ ቁጥቋጦው ሥር ተጠግታ ታሳልፋታለች። ቤቱ፣ ሚስቲቱ፣ ልጆቹ፣ ከሥራ ሳይመለስ የመሸበት ባል፣ እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ታሪኩን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የባቡር ናፍቆት ኖሮብኝ አይደለም። ያደግሁት አርጆ ነው፤ አርጆ ሐዲድ የለም፣ ነቀምቴም የለም፣ በመላው ወለጋ የለም። በእኛ ሰፈር «ባቡር» ማለት የእህል ወፍጮ ነበር። «ባቡር ቤት ሂድ» ከተባልኩ ቁና እህል ተሸክሜ ወረፋ ልጠብቅ ነው። በኦሮምኛውም እንደዚያው ነው የሚባለው። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነስቶ፣ በዐረብኛ በኩል ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ እሳት በልቶ የሚንቀሳቀሰውን ብረት ሁሉ ጠቀለለ። አዲስ አበቤም አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውን የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ነው ያለው። እናም በእኛ ዘንድ ባቡር ሰው አያሳፍርም፤ ይሠራል። ዱቄት ያወጣል። ስለ ባቡር የተጻፈ ነገር ሳነብ ይህ የልጅነት ፍቺ አይለቀኝም፤ ማን ተሳፈረ ከማለቴ በፊት ምን ተሸከመ፣ ማን ጫነው እላለሁ።

በእንግሊዝና በጀርመን፣ በቤልጅየምና በፖላንድ ራሱን የቻለ አንድ የትዝታ ጽሑፍ ዓይነት አለ፤ የከሰል ጉድጓድና የኮክ ፋብሪካ ባቡሮች ትዝታ። የሚያወሳው ሕዝብ የሚጓዝበትን ትልቁን ባቡር አይደለም። ከጉድጓዱ አፍ ተነስቶ እስከ ዋናው ሐዲድ፣ ወይም እስከ ኮክ ምድጃው ድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚመላለሰውን የድርጅቱን የግል ባቡር ነው። ትኬት የለውም፣ የጊዜ ሰሌዳ የለውም፣ የሚሸኝ ዘመድ የለውም። ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ደብተርና እርሳስ ይዘው አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲያዩት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ እነሱም ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉድጓዶቹም ተዘግተዋል። በእንግሊዝ የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ፣ ኬሊንግሊ፣ የተዘጋው በ2015 መጨረሻ ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

እነዚህን ትዝታዎች የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይንቋቸዋል። እኔ አልንቃቸውም። አንድ ጡረተኛ ስለ አንዲት የሀንስሌት ኩባንያ ባቡር ሲጽፍ እንዴት እንደሚጽፍ ተመልከቱ። በጦርነቱ ጊዜ ብረትና ጊዜ ለመቆጠብ የተነደፈች መሆኗን ይነግራችኋል። ከ1943 እስከ 1964 ከዚያች ዓይነት 485 እንደተሠሩ ይነግራችኋል። የውሃ ታንኳዋ በማሞቂያው በርሜል ላይ፣ ልክ በበቅሎ ጀርባ ላይ እንዳለ ኮርቻ፣ ግራና ቀኝ ተንተርሶ መቀመጡን፣ ስሟም ከዚያ «የኮርቻ ታንክ» መባሉን ይነግራችኋል። ስድስት ጎማ ብቻ ያላት ለምን እንደሆነም ያስረዳል፤ የጉድጓድ ሐዲድ ጠማማ ነው፣ ረጅም ባቡር አይታጠፍለትም። ውሃው ጎማዎቹ ላይ ስለሚጫን ዳገት ላይ አትንሸራተትም። እንዲህ ያለ ጸሐፊ አይዋሽም፤ ለመዋሸት የሚያስችል ክፍተት ለራሱ አልተወም።

ኮክ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ እንኳ ከእነዚህ ትዝታዎች ነው። ለአገራችን አንባቢ ነገሩ ቀላል ነው፦ ከሰል ለእንጨት ምን እንደሆነ፣ ኮክም ለድንጋይ ከሰል እንደዚያው ነው። የእኛ ከሰል አክሳይ እንጨቱን በአፈር ቀብሮ፣ አየር ነስቶ ያከስለዋል። የኮክ ፋብሪካም የድንጋይ ከሰሉን አየር በማይገባበት ምድጃ፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሙቀት፣ አንድ ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ይጠብሰዋል። ጭሱ፣ ሬንጁና ጋዙ ይወጣል፤ የሚቀረው ብረት የሚያቀልጠው ጠንካራ ፍም ነው። ከዚያ የምድጃው በር ይከፈትና አንድ ትልቅ ብረት ከኋላ ይገፋዋል። የጋለው ግድግዳ ተንዶ ከታች የምትጠብቀው ፉርጎ ውስጥ ይወርዳል፣ ትንሿ ባቡር ፉርጎዋን እየጎተተች ውሃ ማፍሰሻው ማማ ሥር ታስገባታለች፣ ነጭ እንፋሎት ሰማዩን ይሞላዋል። በጀርመን ኤሰን ከተማ ያለው የዞልፈራይን ኮክ ፋብሪካ ከ1961 እስከ 1993 ይህን ቀን ከሌሊት ሲያደርግ ኖሯል። ዛሬ የዓለም ቅርስ ነው፤ ሰው ትኬት ቆርጦ ይጎበኘዋል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ቅሬታ የሚጀምረው። የእንፋሎቱን ንጣት እስከ ጫፉ የሚገልጽልን ጸሐፊ፣ ምድጃው በር ላይ ፊቱ ሲጠበስ የሚውለውን ሰው «ሠራተኛው» ብሎ ያልፈዋል። ባቡሯ ስም አላት። የተሠራችበት ዓመት አላት፣ የቀለሟ ታሪክ አላት፣ የተሸጠችበትና ለቁርጥራጭ ብረት የተሰጠችበት ቀን ሳይቀር አላት። ሹፌሩ ግን አንድ ደግ ሽማግሌ ነው፤ ልጁን አንድ ቀን አሳፍሮት ነበር፣ ከዚያ ከጽሑፉ ይወጣል። የት ሄደ? ሳንባው ምን ሆነ? የከሰል አቧራ ለሠላሳ ዓመት የዋጠ ሳንባ ምን እንደሚሆን በእነዚያ ከተሞች የማያውቅ የለም። ደብተር ይዞ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ልጅ ግን ሳንባ አይመዘግብም፣ ቁጥር ነው የሚመዘግበው። ካደገም በኋላ አጥሩ ላይ እንዳለ ነው።

ሎውረንስን የምወደው አጥሩን ስለዘለለ ነው። አባቱ የከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ሐዲዱ የሚያልፈው በገዛ ሰፈሩ ነው። አራት ቁጥር ባቡርን የሚነዳው ሽማግሌ የባለታሪኳ የኤልሳቤጥ አባት ነው። ባቡሩን ደጃፏ ያቆማል፣ እሷም ሻይና ዳቦ ታወጣለታለች፤ አባትና ልጅ ባቡሩ እንደቆመ ያወራሉ። ሁለተኛ ሊያገባ ነው፤ ደስ አላላትም። ስለ ባሏ መጠጥም አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርጋል። የከሰሉ ባቡር ወሬ አመላላሽም ነው ማለት ነው፣ የቤተሰብ ገበና መግቢያም ነው። ማታ ላይ ባልየው ሬሳው ይመጣል። ድንጋይ ወድቆ መውጫውን ዘግቶበት፣ ታፍኖ ነው የሞተው፤ አካሉ አልተጎዳም። እናቱና ሚስቱ ያጥቡታል። ሚስቲቱ ያን ገላ ስታጥብ አብራው የኖረችውን ሰው ምንኛ እንደማታውቀው ትረዳለች። መጀመሪያ ላይ ያየናቸው ሰባት ሙሉ ፉርጎዎች የማን ጉልበት እንደነበሩ ያን ጊዜ ይገባናል። ሎውረንስ ይህን አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ፉርጎዎቹን መቁጠሩ በቂው ነው።

ዞላም እንዲሁ ነበር፣ በራሱ መንገድ። «ዠርሚናል» (1885) ከመጻፉ በፊት ወደ ሰሜን ፈረንሳይ ወርዶ የአንዛን ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ባለታሪኩ ኤትየን ከሊል የባቡር ፋብሪካ የተባረረ ሠራተኛ ነው፤ አለቃውን በጥፊ መትቶ። ስለ ባቡር ነጂ ሊጽፍ ሲነሳ ደግሞ ዞላ በ1889 ከፓሪስ እስከ ማንት ከነጂው ጎን ቆሞ ተጉዟል። «ዠርሚናል» ውስጥ ከሰው ይልቅ ልቤን የሚነኩኝ መሬት ሥር ፉርጎ የሚጎትቱት ፈረሶች ናቸው፤ ባታይ የተባለው ነጭ ፈረስ ለአሥር ዓመት ፀሐይ ሳያይ ይኖራል። በበቅሎ ጭነት ያደገ የወለጋ ሰው ያንን ምዕራፍ ሲያነብ የሚሰማው ከፓሪስ አንባቢ ጋር አንድ አይመስለኝም። ኦርዌልን (1937) ባጭሩ ልለፈው፤ መሬት ሥር እየዳኸ ወደ ሥራው የሚሄደው ሰው ለዚያ መንገድ እንደማይከፈለው ማስላቱ ብቻ ለአንድ መጽሐፍ ይበቃል።

ታዲያ እኛስ?

እኛ ስለ ባቡር ያለን ጽሑፍና ዘፈን በአብዛኛው የተሳፋሪ ነው። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ፈረንሳይኛው «ጣቢያው» ከሚለው የመጣ ነው፤ ጣቢያ ደግሞ የመለያያ ቦታ ነው። ፍቅረኛ ይሸኛል፣ መሐረብ ይውለበለባል፣ ፉጨት ይሰማል፣ ድሬዳዋ ትናፈቃለች። ደስ ይላል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ያ ሐዲድ የተዘረጋው ለፍቅረኞች አልነበረም። ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋን ወልዶ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ የተሠራው ቡና፣ ቆዳ፣ ጨው፣ ጨርቅና መሣሪያ ለማመላለስ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የዕቃ ባቡር ፈልጉ። ፉርጎ የሚያያይዘውን ሰው፣ ድሬዳዋ ያለውን ትልቁን ጋራዥ፣ ፈረንሳይኛን ከመፍቻና ከብሎን ስም ጋር የተማረውን መካኒክ ፈልጉ። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን ያቋቋሙት እኮ የምድር ባቡር ሰዎች ናቸው! በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ፣ ድልድዩ ጋ፣ ባቡሩ ኩርባውን በፍጥነት ሲያልፍ ከሐዲድ ወጥቶ ከአራት መቶ በላይ ሰው ሞቷል። አራት መቶ ሰው! በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት የሚቆጠር ነው። ያም ሆኖ በልብ ወለዳችን ውስጥ ከአንድ የለገሃር ስንብት ያነሰ ቦታ ነው ያለው።

ከዋናው መስመር ወጣ ያለውማ ጭራሽ ተረስቷል። በ1918 ጣሊያኖች ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነስተው ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር እስከሚርቅ ቦታ ድረስ የዳሎልን ፖታሽ የሚያወጣ ጠባብ ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ከጉድጓድ እስከ ወደብ ዕቃ ብቻ፤ ከእንግሊዞቹ የከሰል ባቡር ጋር አንድ ዓይነት ነገር። ከምድር እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ቦታዎች በአንዱ ማን ጫነው? ማን አወረደው? ዛሬ ዳሎል ለፎቶ የሚኬድበት ቢጫ መሬት ነው።

አንዳንድ ሰው «ታሪካችንን ሳይጽፉ የቀሩት ፋብሪካ ስላልነበረን ነው» ይላል። አይዋጥልኝም። ሥር የሰደደው ነገር ሌላ ነው፤ በእጁ የሚሠራውን ሰው እንንቃለን። በወለጋ ብረት የሚቀጠቅጠው ቱምቱ፣ በሰሜኑ ጠይብ፣ ማረሻውንና ማጭዱን ሁሉ እየሠራ፣ ማዕድ ላይ ግን ቦታ አልነበረውም። ምኒልክ ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ ማስነገር ነበረባቸው፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። የተናቀ ሰው የሙያ ቃል ደግሞ ወደ መጽሐፍ አይገባም። ወናፉ፣ ጉጠቱ፣ መዶሻው በየቤቱ ይታወቃሉ፤ የብረቱን መቅላት በዓይን ብቻ የሚለካበት ጥበብ ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

የደርግ ጊዜ መጣና ነገሩ ተገለበጠ፤ ቢያንስ የተገለበጠ መሰለ። ላብ አደሩ በየፖስተሩ ላይ ወጣ፣ ክንዱ ደንዳና፣ መዶሻው ቀጥ ያለ። በዚያ ወቅት የተጻፉ ግጥሞችንና ተውኔቶችን ሳነብ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፦ ላብ አደሩ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። ይነሳል፣ ይዘምታል፣ ያሸንፋል። የትኛውን ማሽን ነው የሚያንቀሳቅሰው? ስንት ሰዓት ይገባል? ምሳውን በምን ይዞ ይመጣል? የእንግሊዙ ጡረተኛ ማሽኑን ብቻ አየ፤ የእኛ ገጣሚ ደግሞ ማሽን የሌለው ሠራተኛ ሳለ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ጡረተኛውን እመርጣለሁ። እሱ ቢያንስ ቁጥሩን ትቶልናል፤ በቁጥሩ ተመርቶ አንድ ቀን ሰውየውን የሚያገኝ አይጠፋም። ከመፈክር ግን ወደ ሰው የሚያደርስ መንገድ የለም።

ኤርትራ ውስጥ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከምፅዋ አስመራ የሚወጣው ሐዲድ በጦርነቱ ጊዜ ተነቅሎ፣ ብረቱ ለምሽግ ሥራ ውሎ ነበር። ከነፃነት በኋላ መልሰው የሠሩት በአብዛኛው ጡረታ የወጡ የድሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አባቶች። አንሳልዶ በ1938 የሠራቸውን ባቡሮች ከዝገት አውጥተው አስነሷቸው፣ በ2003 ሐዲዱ እንደገና አስመራ ገባ። ዕውቀቱ እጃቸው ላይ ነበር። የፈረንጅ ባቡር ወዳጆች ከዓለም ዳር ተጉዘው ሄደው ጭሱን ፎቶ አነሱ፣ ስለ ባቡሮቹም ብዙ ጻፉ። የእነዚያ አባቶች ሕይወት በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው የሥራ ቃል ቢጻፍ ግን ከፎቶው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ወደ ምዕራቡ ልመለስ። ሐዲድ ወደ እኛ አቅጣጫ በወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ መጥቷል። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1894 የተሰጠው ፈቃድ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ ይላል። ሦስተኛው ክፍል ወረቀት ላይ ቀረ። በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውልም ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት እንዲያልፍ ፈቅዶ ነበር፤ እሱም ቀረ። ከዚያው ውል የተረፈው ባሮ ዳር የተቆረቆረው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ነው። የወለጋ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ እዚያ ወርዶ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። የዩብዶ ፕላቲነም ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲወጣ በዓለም የታወቀ ነበር፤ ስለ ኩባንያዎቹ የተጻፈ አለ፣ ጭቃውን በገበታ ስላጠቡት ሰዎች ግን እህ ብሎ የጠየቀ የለም።

አሁን ደግሞ የድንጋይ ከሰሉ አለ። ከአርጆ ተነስታችሁ ዴዴሳን ተሻግራችሁ፣ በደሌን አልፋችሁ የመቱን መንገድ ከያዛችሁ ያዩ ትደርሳላችሁ። ከላይ የቡና ጫካ ነው፤ ዩኔስኮ በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ መዝግቦታል። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል አለ። ከከሰሉ ዩሪያ ማዳበሪያ ሊሠራ በ2012 ትልቅ ፋብሪካ ተጀመረ፤ ሳያልቅ ቆመ። ከኢሉባቦርና ከጅማ ወገን የሚቆፈረው ከሰል ግን ለሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ይፈለጋል፣ የሚሄደውም በመኪና ነው። የእኛ የከሰል ባቡር ሲኖትራክ ነው ማለት ነው። የሎውረንስን ቁጥር አራት የሚተካው ታርጋ ነው፤ ሐዲዱ አስፋልቱ ነው፤ ዘንቢሏን ይዛ ጥግ የምትይዘው ሴትም አለች፣ ገበያ ውላ ስትመለስ አቧራውን እየበላች።

አጎቴ ብዙ ዓመት የጭነት መኪና ላይ ሠርተዋል፤ መጀመሪያ ረዳት፣ በኋላ ሹፌር። ከሰል የጫኑት መጨረሻ አካባቢ ነው። መጻፍ አይወዱም፤ ሲያወሩ ግን የትኛውም የእንግሊዝ ጡረተኛ አይስተካከላቸውም። «ስማ ልጄ፣ ከሰል እንደ በቆሎ አይደለም» አሉኝ። «ዝናብ ከነካው ይጠጣል። ሸራውን አጥብቀህ ካላሰርክ ሚዛን ላይ ውሃ ነው የምትመዝን። አውራጁ ደግሞ ያውቅብሃል፤ አካፋውን ሲያስገባ በእጁ ነው የሚያውቀው።» ዴዴሳ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ሹፌር አይደለም፤ ማርሹን ከላይ ነው የምትመርጠው፣ መኪናው ራሱን ይዞ ይውረድ። ጫኞቹ አፋቸውን በነጠላ ቁራጭ ይሸፍናሉ፣ ማታ ሲያስሉ ግን ጥቁር ነው የሚወጣው። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። ማርሹን ሲነግሩኝ በነበረው ድምፅ ነው የነገሩኝ።

ከዚህ ወሬ ልብ ወለድ ይወጣል፣ ተውኔት ይወጣል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ዝም ብሎ መዝገብ ቢወጣ እመርጣለሁ። ያዩ አካባቢ ወይም ነቀምቴ ያለ አንድ ወጣት ጸሐፊ፣ ደብተር ይዞ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢሆን፣ ጫኝና አውራጁን ስለ ሥራው ይጠይቅ። ስለ ስሜቱ አይደለም፤ ስለ ሥራው። አካፋው የስንት ቁጥር ነው? አንድ መኪና ለመሙላት ስንት ሰው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሒሳቡ የሚከፈለው በቶን ነው በመኪና? ተሳቢው ሲፈታ ማን ከሥሩ ይገባል? ስሜቱን ሲመልስላችሁ ታገኙታላችሁ፣ እንደ አጎቴ ሳል።

አጎቴን መጀመሪያ የሠሩባትን መኪና ታርጋ ጠየቅኋቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳያመነቱ ነገሩኝ፣ የጎማዋን ቁጥርና የጋቢናዋን ቀለም ጨምረው። ከዚያ አብሯቸው ረዳት የነበረውን ልጅ ስም ከነአባቱ ጠሩልኝ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ ሸራ ሲያስር በየትኛው እጁ እንደሚጀምር፣ ስንት ዓመት አብረው እንደሠሩ። «ጽፈኸዋል?» አሉኝ። ጽፌዋለሁ አልኳቸው። «ቆይ እስኪ፣ የእናቱንም ስም ልንገርህ» አሉና ቀጠሉ።